መስመር የተሰመረበት ቃል

«ክቡር ፍርድ ቤት፣» ይላል ዐቃቤ ሕጉ ዊትሎክ፣ ከወንበሩ በቅጡ እንኳ ሳይነሳ፣ «የዚህን ችሎት ቀጠሮ የምትወስነው አዋላጅ ናት እንዴ?»

ተራቸውን የሚጠብቁት ጠበቆች ይስቃሉ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ዳኛው ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

ልጄ ማሪሴላ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ተደግፋ ቆማለች። የስምንት ወር እርጉዝ ናት። እግሯ ስላበጠ ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ያጠለቅኩላት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ጠባቂው «ተከሳሾች በጎን በር» ሲላት መታወቂያዋን አውጥታ ጠበቃ መሆኗን አሳየችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስታሳየው ለኖረችው ሰው።

«የጠየቅሁት ክርክሩ በስምንት ሳምንት እንዲራዘም ነው፣ ክቡር ዳኛ» ትላለች። «ሐኪሜ የደም ግፊትሽ አስጊ ነው፣ ከአልጋ አትውረጂ ብሎኛል። ማስረጃው ተያይዟል። ባለፈው ኅዳር አቶ ዊትሎክ አጋዘን አደን ሲሄዱ ችሎቱ ለሦስት ሳምንት ተራዝሞ ነበር።»

«አጋዘን እኮ ወቅት አለው፣ እመቤቴ» ይላሉ ዳኛው።

አሁንማ ማንም ሳቁን አይደብቅም።

«ልጅስ ወቅት የለውም?» ትላለች ከጎኗ የተቀመጠችው ደንበኛዋ ኦፌሊያ በሹክሹክታ። የምትሰማት ማሪሴላና ከጀርባቸው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነን።

ዳኛው ውሳኔያቸውን በጽሑፍ እንደሚልኩ ተናግረው ወደ ቢሯቸው ይገባሉ። ማሪሴላ ግድግዳውን እየያዘች ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች። ልከተላት ስነሳ «ቁጭ በይ እማ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። አምናም ደህና ነኝ ብላኝ ነበር። አምና ቀጠሮ እንኳ አልጠየቀችም፤ «ሴት ሰበብ አታጣም ይሉኛል» ብላ አምስት ቀን ቆማ ተከራከረች። ክርክሩን አሸነፈች። ልጁን አጣችው። ስም አውጥተንለት ነበር።

ጉዳዩን ለሌላ ጠበቃ ስጪው ብዬ ለምኛታለሁ። ግን ኦፌሊያን ሳያት አፌ ይያዛል። ባሏን በመኪና ገጭታ ገድላለች ተብላ ነው የተከሰሰችው። ከዚያ ቀን በፊት ቤቷ ውስጥ ምን ሲደረግባት እንደኖረ ለማሪሴላ ለመንገር ሰባት ወር ፈጅቶባታል። ለሌላ ሰው አትናገርም። ካልተናገረች ደግሞ ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች። ክርክሩ ሰኞ ነው።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አንድ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። «ይህን ለልጅሽ ስጪልኝ» ትለኛለች። ፊቴን አታየኝም።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሠራበት የሽንኩርት ማሸጊያ ስወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እሄዳለሁ። መምህራችን ሚስ አናቤል የቃል ፍለጋ ጨዋታ ትሰጠናለች። ሳጥኑ በፊደል የተሞላ ነው፤ የተደበቀውን ቃል ያገኘ በላዩ ላይ መስመር ያሰምራል። ደብተሬ መስመር በመስመር ሆኗል። አንድ መስመር ባሰመርኩ ቁጥር ማሪሴላ ታጨበጭብልኛለች።

ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እከተላለሁ። ከላይ ያለው አይገባኝም። ከታች ግን በትልልቁ የተጻፉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አሉ። ተ… ከል… ክሏል። ጣቴ እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ ተ… ፈቅ… ዷል። በዚህኛው ላይ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ በሰማያዊ ቀለም ደማቅ መስመር ተሰምሮበታል።

ተገኘ!

«ኦፌሊያ! ልጄ! ፈቅደውላችኋል!»

«እውነትሽን ነው፣ እማማ? በእናትሽ?»

«ራሴ አነበብኩት!»

በካቴና የታሰሩ እጆቿን በመካከላችን ባለው የእንጨት አጥር ላይ አሻግራ ጣቶቼን ትይዘኛለች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ አፍንጫዋን በትከሻዋ ትጠርጋለች። «ትውለድ በቃ» ትላለች። «ትውለድ፣ ትረፍ። እኔ እጠብቃለሁ። እስር ቤት ጊዜ ሞልቶ!»

ማሪሴላ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ስንስቅ ስታየን ፊቷ ይፈታል። እንዲህ ሆና ያየኋት ከአምናው ልጅ በፊት ነው። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ትመጣለች።

«ፈቀዱልሽ፣ የኔ እናት» እላታለሁ። «ዛሬውኑ አልጋሽ ላይ ጋደም ትያለሽ።»

ወረቀቱን ትቀበለኛለች። ለማንበብ አንድ አፍታ አይፈጅባትም። ቀስ ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች።

«እማ፣» ትላለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዳኛ የሚያሰምረው የማይፈልገውን ቃል ሊሰርዝ ነው።»

«መስመር እኮ… አገኘ ማለት…»

«አውቃለሁ፣ እማ። አውቃለሁ።»

አትቆጣኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ የሰኞውንም መዝገብ ከዚያው ታወጣለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ብዕሯን ከፍታ መጻፍ ትጀምራለች።

ኦፌሊያ አልሰማችንም። ፊቷን ወደ ጠባቂው አዙራለች።

«ጠበቃዬ ልትወልድ ነው፣» ትለዋለች፣ እየሳቀች። «ተፈቀደላት።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» ይላታል፣ ካቴናዋን ይዞ እያስነሳት።