የመጀመሪያው ፎቶ

ሩታ ላፕቶፑን ወደ እትዬ ሙንተሃ አዞረችው። መሃል ከተማ ያለው የልብስ ሱቃቸው በኦንላይን የሚሸጥበትን ገጽ እንደ አዲስ ሠርታ ጨርሳ ነበር። ፎቶዎቹን ያለ ማንም እርዳታ ራሳቸው እንዲቀያይሩ አጥብቀው ስለጠየቋት፣ ቁልፎቹን ሁሉ በትልልቁ በአማርኛ ጽፋላቸዋለች።

«እስቲ ራስዎ ይሞክሩት። ከየትኛው ፎቶ እንጀምር?»

የእትዬ ሙንተሃ ጣት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ የምትስቅ ወጣት ላይ ቆመ።

«ከልጄ» አሉ። «ከሞተች ሰባት ወሯ ነው። ደንበኞች ዛሬም ‹ቀሚሱ አምሮባታል› ብለው ይጽፉልኛል። ፎቶዋን ሌላ ሰው እንዲያጠፋው አልፈለግኩም።»

እትዬ ሙንተሃ «ሰርዝ» የሚለውን ነኩት። ልጅቷ የነበረችበት ቦታ ነጭ ሆነ።

«መመለሻውስ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የቱ ጋ ነው?»