ቀይ ላባ

መምህር ዋጋሪ የሐሩን ክር ቋጠረና በጥርሱ በጠሰው። በእረፍቱ ባሌ ሄዶ ትራውት የሚሉትን የወንዝ ዓሣ ለማታለል፣ ከጎረቤት አውራ ዶሮ አንገት በሰረቀው ቀይ ላባ መንጠቆ ላይ የሠራት ዝንብ መብረር ብቻ ነበር የቀራት። ይህን ጊዜ የዶሮው ባለቤት እትዬ እማዋይሽ ጭራቸውን እየነሰነሱ ከተፍ አሉ።

«የአውራ ዶሮዬን አንገት ማነው የነጨው?»

«ዋቃ ይወቅ፣ እትዬ። በሽታ ይሆናል።»

«እጅ ያለው በሽታ! ነቀምቴ ዳኛ የለም እንዴ? ዛሬውኑ አስይዘዋለሁ!»

ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ባለችው ዝንብ ላይ አረፈ። እትዬ ጭራቸውን አንስተው ዝንቧን ጧ! አደረጓት።

«አስተማሪ ተብለህ፣ ቤትህን ዝንብ ወርሶት!»

መንጠቆው ጭራው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። እሳቸውም የዶሯቸውን ላባ በገዛ ጭራቸው እያውለበለቡ፣ ሌባውን ሊከሱ ወደ ዳኛው ገሰገሱ።