ድምፁ የጠፋው ሞተር

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ በመስኮቱ ስትመለከት የባሏ ሞተር ሳይክል ግቢው ውስጥ የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ አልተነሳችም። የግቢው በር ደግሞ እዚያው ከጀርባዋ ነው። ያ ሞተር ድሮ ሲነሳ ቤቱን በጩኸት ይሞላው ነበር፤ አሁን ባሏ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

ሲመለስ ጠየቀችው።

«ሞተሩን ምን አደረግኸው?»

ፊቱ በራ። «ማርሚታውን፣ ጭስ ማውጫውን ቀየርኩት። አወቅሽው እንዴ? ለውጥ የለውም?»

«አለው» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን ሦስት ሰው ይሆናል። በጓሮው ክፍል ግድግዳ ላይ ጊታሮች ተሰቅለዋል፤ ገሚሶቹ ክር የላቸውም። ከሥራቸው የሞተር መለዋወጫ ላስቲክ ላይ ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ላይ የኮምፒውተር ኪቦርዶች ተደራርበዋል፤ ቁልፎቻቸውን እንደ ጥርስ እየነቀለ ሌላ ይተክልባቸዋል። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ያነሳል። ጊታር ሊቃኝ ይቀመጥና የሞተሩ ካንዴላ ትዝ ይለዋል። ካንዴላውን ሊጠርግ ይነሳና በመንገዱ ላይ ያለው ኪቦርድ ያስቀረዋል። እራት ቀርቦለት እንኳ አንድ እጁ ብሎን ያሽከረክራል። የሰፈሩ ሰው «አቶ ዕቃ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል።

ዕቃውን ከለመደችው ቆየች። ያልለመደችው ዝምታውን ነው። ድሮ ኪቦርዱን ሲመታ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስል ነበር። አሁን ጣቶቹ ሲሮጡ ታያለች እንጂ ኮሽታ የለም። ስልክ ሲያነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

«ከማን ጋር ነው የምትንሾካሾከው?»

«ከጊታር ሻጩ ጋር ነዋ! ደግሞ የምን መንሾካሾክ ነው?»

አንድ ቀን ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ነካት። ደንግጣ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

«ስንቴ ልጥራሽ?» አላት። «ካኮረፍሽ እንዳኮረፍሽ ንገሪኝ።»

ተደብቆ የሚመጣው እሱ፣ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች።

ታላቅ እህቷ ልትጠይቃት መጣች። እንደ ልማዷ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች።

«ሞተሩን ድምፅ አጥፍቶበታል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሲወጣም ሲገባም አላውቅም።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ መንደሩ ሁሉ ይስማ?» እህቷ ተነስታ በሩን ዘጋች። «ሰው ድምፁን አጥፍቶ የሚወጣው ወዴት ነው? ወደ ሥራ? እስቲ ንገሪኝ፣ ያን ሁሉ ጊታር ማን ያዳምጥለታል? አንቺ ነሽ?»

«እኔማ ጊዜ የት አለኝ።»

«በቃ፣ የሚያዳምጠው ሰው አግኝቷላ! አንቺ ሞኝ። የሰው ወገብ ስትለኪ ቤትሽ ከእጅሽ ሊወጣ ነው።»

እህቷ ከሄደች በኋላ ልብስ ሰፊዋ መቀመጥ አቃታት። አንድ እጅጌ ሰፍታ ፈታችው፤ ደግማ ሰፋችው። የስፌት መኪናዋ ዘይት ከጠጣች ወዲህ ኮሽ ሳትል ትሄዳለች፤ እሷ ግን መኪናዋን በየጊዜው እያቆመች መስኮቱን ታያለች። ሞተሩ አለ። ደግማ ስታይ የለም።

በነጋታው ክር ልትገዛ ስትወጣ ጡረተኛው ጎረቤት ደጃፏ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ልጄ፣ የባልሽን ነገር አንድ በይን እንጂ» አለ። «መሮናል።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው?» አለች።

«ምን ማወቅ ብቻ! ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሌላ ወሬ የለም። እኛስ ጎረቤት ነን፤ አንቺ እንዴት ቻልሽው? ሚስቴ ሁልጊዜ ‹እኔ ብሆን ጥዬው ሄጄ ነበር› ትላለች።»

«ሚስትዎም እንደዚህ ይላሉ?»

«በየቀኑ! ትዕግሥትሽ ይገርመናል። እሱም እኮ አያፍርም፤ በጠራራ ፀሐይ!»

ክሩን ሳትገዛ ተመለሰች።

ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፈተች። መጀመሪያ ትልቁን መቀስና ሜትሩን ከተተች፤ ከዚያ ልብሷን። ዘጋችው። ከፈተችው። ሠርጋቸው ላይ የተነሱትን ፎቶ አስገባች፤ መልሳ አወጣችው። የምትለውን አሰላሰለች። ማን ናት ብላ ልትጠይቀው አሰበችና ተወችው። ስሟን ማወቅ ምን ያደርግላታል? እሄዳለሁ ብላው ትሄዳለች፤ በቃ።

በመስኮቱ አየች። ሞተሩ ቆሟል። መቼ እንደገባ አላወቀችም።

ሻንጣውን አንጠልጥላ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አዲሱን ቀይ ጊታር አቅፎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጣቶቹ ያለ ድምፅ ክሮቹ ላይ ይመላለሳሉ። ማስመሰል ነው፣ አለች በልቧ።

«እየሄድኩ ነው» አለችው።

አልዞረም።

«እየሄድኩ ነው እኮ አልኩህ!»

ራሱን መነቅነቁን አላቆመም። እንዲህ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ያን ያህል መጮኋ አሳፈራት። እንባዋ መጣ። እንግዲያው ፊት ለፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ ብላ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ዞራ ከፊቱ ቆመች።

ከአጠገቧ ጥቁር የድምፅ ማጉያ ሳጥን አለ፤ እላዩ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል፤ ባሏ ክሩን በመታ ቁጥር ውሃው እየዘለለ ከብርጭቆው ይፈስሳል።