አላልቶ የሚያነብ ስልክ

ሻጩ ጆሮው ሥር ተጠግቶ «አባባ! እዚህ ላይ ይጻፉ፣ ስልኩ ያነብልዎታል!» ብሎ ሲጮህበት የጡረተኛው የጽሑፍ አራሚ ደም ፈላ። የጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው ድምፁን ወሰደው እንጂ ጆሮው ምን ሆነ? ሴት ልጁ ደግሞ ከስልኩ ሌላ አይሆንም ብላ ሙጭጭ ብላለች። «አባዬ፣ አንዴ ሞክረው እስቲ። ወረቀትማ ማን ቆሞ ያነብልሃል?»

ስልኩን ተቀብሎ በጣቱ እየወጋ አንዲት ቃል ጻፈ፤ እሰማለሁ። ስልኩ በአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ፣ አላልቶ አነበባት። «ውይ፣ ይሰማሉ ለካ! ይቅርታ አባባ» አለ ሻጩ ድምፁን ቀንሶ፤ ልጁም አብራው ሳቀች። አራሚው ስልኩን ባንኮኒው ላይ ዘጭ አደረገው። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሰው ቃል ሲያርም ኖሮ፣ የራሱን የሚያርምበት አፍ አጣ። አጠገቡ ለሽያጭ ከተደረደሩት የኪስ ማስታወሻዎች አንዱን መዘዘ፤ የሻጩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ ነጥቆ ያችኑ ቃል ወረቀቱ እስኪቀደድ ጻፋት። ከዚያ «ሰ» እና «ማ» አናት ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ጠቅ ጠቅ አደረገና ለልጁ አዞረላት።

ሳቋ ከፊቷ ወረደ። ፊደል ሲያስቆጥራት ያሳያት ምልክት ነበር፤ አጥብቂው ማለት ነው።

«ጠብቆ ነው የሚነበበው» አለችው ሻጩን ቀስ ብላ። «ሰው ያዳምጠኛል ነው የሚለው።» ወደ አባቷም ዞራ «የቱን ልግዛልህ?» ስትል ጠየቀችው።

አራሚው ፊቱን ሳይፈታ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተ፤ የሻጩን እስክሪብቶም አብሮ ሰካው።