እስከ ሎሚው ዛፍ

ጡረታ የወጣው አናጢ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ነገር ሁሉ ያበሳጨዋል። በቀደም አረም ነው ብሎ ከጓሮው የነቀለው ቃሪያ ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብላ ልጁ፣ እየዳሰሰ እንዲሄድ፣ ከበሩ እስከ ሎሚው ዛፍ ገመድ ወጠረችለት።

«ፍየል አደረግሽኝ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

«ፍየል እንኳ ቃሪያ አይነካም፣ አባዬ።»

ዛሬ ጠዋት ውሃ ማጠጫውን አንጠልጥሎ፣ እያጉረመረመ፣ ገመዱን ይዞ ወጣ። የሎሚው ቅጠል ፊቱን ነካው። ገመዱ ግን እዚያ አላበቃም።

«አርዝማዋለች! ደግሞ ሳትነግረኝ!» አለና እልህ ይዞት ቀጠለ። እግሩ ስር ያለው አፈር ገና እንደተቆፈረ ይለሰልሳል። እሱ በዚያ በኩል ቆፍሮ አያውቅም።

«አባዬ፣ ቁም እንጂ!» ልጁ ከኋላው፣ ከበሩ ላይ ተጣራች። «ብቻህን ወዴት ነው? ገመዱ ላልቶ ስለነበር ትናንት ፈትቼ አስገብቼዋለሁ። ይኸው እጄ ላይ ነው፤ አሁን አስርልሃለሁ።»

ሊቆጣት አፉን ከፈተ።

መዳፉ ውስጥ ያለው ገመድ ቀስ ብሎ ተወጠረ። ከዚያ፣ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ና እንደሚል ሰው ሳብ ሳብ አደረገው።