ቆመህ ነው ተቀምጠህ?

"እባብ ነድፎሻል" አለኝ አሠልጣኙ አቶ ያረጋል። "ብቻሽን ነሽ። ከቢሮ እየደወልኩልሽ ነው፤ አንሺው።"

ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

"ሄሎ ሃፊዛ፣ እንዴት ነሽ?" አለ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

"አልሀምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ሰላም ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"ሴትዮ፣ እባብ ነድፎሻል እኮ!"

"እሱንማ እነግርዎታለሁ። ሰላምታው ይቅደም ብዬ ነው እንጂ።"

ቡታጅራ ድረስ ለአደጋ ጊዜ ሥልጠና የጠሩን ብቻችንን የምንሠራ ሰዎችን ነው። ቆጣሪ አንባቢ አለ፣ የኔትወርክ ታወር ጥበቃ አለ፣ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን አለች። እኔ መስቃን ገጠር ውስጥ የውኃ ፓምፕ አንቀሳቅሳለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ልምምዱን ያለፈ ሰው የለም። አንዱ ኤሌክትሪክ ይዞት "አልሀምዱሊላህ" ይላል፣ ሌላዋ ውሻ ነክሷት የአቶ ያረጋልን ልጆች ጤና ትጠይቃለች። ምን እናድርግ? እንዴት ነህ ለተባለ ሰው ሌላ መልስ አላስተማሩንም። አመመኝ የሚባለው ሰላምታው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ቀስ ተብሎ።

አቶ ያረጋል ላቡን ጠረገ። የሰሜን ሰው ነው፤ እኛን ማሠልጠን አድክሞታል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለ። "በቃ! እናንተን እንዴት ናችሁ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ስትደዋወሉ ሰላምታ የለም። 'ቆመህ ነው ተቀምጠህ?' ብላችሁ ጠይቁ። አለቀ።"

"ኧረ ነውር ነው!" አለች ሀሊሜ፣ የኛ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን። "ሰው እንደ ከብት ቆምክ ተኛህ ተብሎ ይጠየቃል?"

ይህን ስትል ስልኬ የእውነት ጮኸ። ባሌ ሙዝደሊፋ ነው። እኔ ሥልጠና ስለመጣሁ ፓምፑ ጋ የዋለልኝ እሱ ነው።

"ስፒከር ላይ አድርጊው" አለኝ አቶ ያረጋል። "ልምምድ ይሁንልሽ።"

"ሃፊዛ፣ እንዴት ዋልሽ?" አለ ሙዝደሊፋ።

"አልሀምዱሊላህ። አንተስ?"

"አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። መቼ ነው የምትመለሺው?"

"ስንጨርስ ነዋ። ምነው?"

"ምንም። እንዲያው ነው።"

ልዘጋው ስል አቶ ያረጋል በእጁ ጠይቂው፣ ጠይቂው አለኝ። አፈርኩ። ባልን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? ግን ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል።

"ሙዝደሊፋ፣ ቆመህ ነው ተቀምጠህ?"



"ተኝቼ ነው።"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። "የኛው ሰው ነው!" አለ አንዱ የታወር ጥበቃ። እኔ ግን በሰው ፊት ስላሳፈረኝ ተናደድኩ።

"ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ፣ በዚህ ሰዓት ምን ያስተኛሃል?"

"ሰው የለም። ውኃው ዛሬ አልተለቀቀም። ወድቄ ነው።"

"ከየት?"

"ከታንከሩ መሰላል። ጠዋት።"

የሚስቅ ሰው ጠፋ።

"ታዲያ አትናገርም!"

"ሥልጠናሽን እንዳላቋርጥብሽ ብዬ ነው። አሁን ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ ሃፊዛ። ሁለቱም።"

ሀሊሜ ቀድማኝ ተነስታለች። ከፓምፑ በላይ በርበሬውን የሚኮተኩተውን ጎረቤታችንን ሙሀይሚንን በራሷ ስልክ እየጠራች ነው። የታወር ጥበቃው ለአምቡላንስ ይደውላል። አቶ ያረጋል ወንበር አቀረበልኝና "እንዳትዘጊው" አለኝ፤ ድምፁ ተለውጧል። ስልኩ ውስጥ የሙዝደሊፋ ትንፋሽ ይሰማኛል። ያ አላህ፣ ያንን ትንፋሽ አታሳጣኝ እላለሁ በልቤ።

በመጨረሻ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሰማን።

"አሰላሙ አለይኩም!" አለ ሙሀይሚን እያለከለከ።

"ወአለይኩም ሰላም። እንዴት ዋልክ?"

"አልሀምዱሊላህ። አንተስ?"

"አልሀምዱሊላህ። በርበሬው እንዴት ነው?"

"ኧረ በአላህ!" ብዬ ጮህኩ።

አቶ ያረጋል ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። "እንዳታነሳው! አምቡላንስ እስኪመጣ እንዳትነካው! ወገቡ ሊሆን ይችላል!"

"ይሄ ደግሞ ማን ነው?" አለ ሙሀይሚን፤ ባሌም ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎት ኖሯል።

"የሃፊዛ አሠልጣኝ ናቸው" አለ ባሌ ከመሬት። ከዚያ ድምፁን አስተካከለ። "ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አለ አቶ ያረጋል።

ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ማንም አልሳቀበትም።

"አልሀም..." አለ ሙዝደሊፋ። አልጨረሰውም። እንደገና ጀመረ፤ አሁንም አልጨረሰውም። መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያለቅሳል። ከተጋባን ጀምሮ፣ እናቱን ስንቀብር እንኳ፣ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ስልኬ ላይ አፍጥጧል። ስፒከሩን አጠፋሁ። ስልኩን ሂጃቤ ሥር አስገብቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ብቻዬን ሰማሁት።