በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል

«ኤፌክት!» ይለኛል ባሌ፣ ወረቀቱን ወደ ሊፍቱ መብራት ቀና አድርጎ።

«የትኛው?»

«ይኸው ነዋ፤ ኤፌክት!»

«አፌክት» እና «ኤፌክት» ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ከእሱ አፍ ግን መንታ ሆነው ነው የሚወጡት። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል የለየው ሸሚዝ አንገት ላይ ከሚሰፋው ጽሑፍ ነው። ዛሬ የምቀመጥለት የእንግሊዝኛ ፈተና ሰው የሚጥለው በእነዚህ በሚመሳሰሉ ቃላት ነው ስለተባለ፣ ማታ ማታ ሲጠይቀኝ ከርሟል። እኔም የትኛውን እንዳነበበ ከፊቱ መለየት ለምጃለሁ። ከባዱ ሲሆን ግንባሩን ይቋጥራል፤ ቀላሉ ሲሆን ቅንድቡን ያነሳል። አሁን ግንባሩ ተቋጥሯል።

«ውጤት» እለዋለሁ። «ሌላው ተጽዕኖ ማሳደር ነው።»

«ጎበዝ! የኔ አንደኛ!»

ሊፍቱ በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል ገትሮናል። ፈተናው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፣ ያረፈደ አይገባም። ካለፍኩ ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ነርስ አድርጎ ይወስደኛል፣ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ። «ትሂድ» ብሏል ባሌ፣ እናቱ ፊት፣ እናቱ እያኮረፉ። ያን ቀን በእሱ የኮራሁት ኩራት እስካሁን አልለቀቀኝም።

«የአደጋ ደወሉን ደውለሃል አይደል?»

«ደውያለሁ አልኩሽ እኮ።» ጀርባውን የሊፍቱ ቁልፎች ላይ ደገፍ አድርጓል።

«ታዲያ ምነው አልሰማሁ?»

«የሚጮኸው ታች፣ ዘበኛው ጋ ነዋ። እዚህ ቢጮኽ እኛ ምን ልናደርግለት ነው? ተረጋጊ እናቴ፤ ስትደነግጪ ነው የሚጠፋብሽ። ኤክሴፕት!»

ሰዓቴን አያለሁ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ግድግዳው የተጠጋብኝ ይመስለኛል፤ የምስበው አየር እሱ የተነፈሰውን ነው። መጮኽ እፈልጋለሁ፤ ግን ሲጠይቀኝ መመለስ ለምዶብኛል።

«መቀበል?» እላለሁ፣ በግምት።

«ልክ ነሽ።»

ፊቱን አየዋለሁ። ግንባሩ አልተቋጠረም፣ ቅንድቡም አልተነሳም። ወረቀቱን ጭራሽ አላየውም፤ የሚያየው ጫማውን ነው። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ጨርቁን መቀስ ሳያስነካው ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ሲል የሚያመጣው ፊት ነው።

«ዞር በል።»

«በዚህች ጠባብ ቦታ ወዴት ልዙር?»

በወገቡ በኩል እጄን አሾልኬ ቀዩን የደወል ቁልፍ እጫነዋለሁ። ደወሉ እዚሁ፣ አናታችን ላይ፣ ጆሮ እስኪበጥስ ይጮኻል።

ጣቴን አላነሳም። እሱም «አንሺ» አይለኝም። ወረቀቱን እያጣጠፈ፣ እያጣጠፈ፣ የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ ያሳንሰዋል።

ደረጃውን በሩጫ የሚወጣ ኮቴ ይሰማል፤ ከላያችን ሲደርስ ይቆማል። «ማነው?» ይላል የዘበኛው ድምፅ። «ቆሞባችሁ ነው? ምነው ቀደም ብላችሁ ብትደውሉ!»

ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። «ልጅቷ ማታ ስትጠራሽ ምን እላታለሁ?» ድምፁ ተሰብሯል። «እሷስ ልጅ ናት፣ ትለምደዋለች። እኔስ?»

በጥፊ ላጮለው ይቃጣኛል። አንገቱን አቅፌ ማልቀስም እፈልጋለሁ። ለሁለቱም ጊዜ የለኝም።

ዘበኛው በሩን በብረት ፈልቅቆ ይከፍተዋል። የሰባተኛው ፎቅ ወለል ደረቴ ጋ ነው። «እሷ ትቅደም! ከታች ደግፋት፣ ወንድሜ!»

ባሌ ይንበረከካል። ጣቶቹን አቆላልፎ መዳፉን ይዘረጋልኛል። ጫማዬን አሳርፍበታለሁ፤ ክርኖቼን ወለሉ ላይ እተክላለሁ፤ ዘበኛው ከላይ እጁን ዘርግቶልኛል።

መዳፎቹ ግን ከፍ አይሉም። ጣቶቹ ጫማዬን ጥብቅ አድርገው ይዘውታል።

«ግፋኝ» እለዋለሁ።